የማዘር ጎመን እና የኛ ሜዳ

ነገሩ የጀመረው በቆርቆሮ ነው።

ገርጂ ከቤታችን ጀርባ፣ ልጅ ሆነን ኳስ የምንጫወትባት አንዲት ባዶ ቦታ ነበረች። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ናት፤ ሜዳ ለመባል እንኳ አትበቃም። ግን የኛ ነበረች። በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ዙሪያዋ በቆርቆሮ ታጥሯል። ዛሬ እዚያ ፎቅ ቆሟል። (ፎቁ ያምራል፤ እሱን አንክድም።)

በዚህ ነገር ከሁላችን የተጎዳው ትንሹ ወንድማችን ነው። ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ሶፋው ላይ ይዘረጋል፣ ስልኩን ይከፍታል፣ እራት ይቀርባል፣ ቀኑ አለቀ። "ኧረ ወጣ በል!" እንለዋለን። "ወዴት?" ይለናል። መልስ የለንም።

ሐሳቡ የመጣልን ያኔ ነው። ጓሮ አለን አይደል? የጓሮው ችግር ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። ጎመኑ የማዘር፣ ጌሾው የማዘር፣ ጤና አዳሙ የማዘር። ሦስታችን እንደ ሽማግሌ ተደርድረን ቀረብንና ግማሽ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቅን። ማዘር ዝም ብላ ሰማችን። "ጎመን ከገበያ ይገዛል" አለች በመጨረሻ። "ጤና አዳሜን ግን እንዳትነኩ!"

ደንቡ የሚለው ሙሉ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው። የኛ ጓሮ ተለክቶ ተለክቶ 8 በ7 ሆነ። የቅጣት ምት መስመሩ፣ ከሰሌዳው 4.60 ሜትር ርቆ፣ በሰላም ገባ። የባለ ሦስት ነጥቡን 6.75 ሜትር ከቀለበቱ ስንለካ ግን ሜትሩ ሄዶ ሄዶ የኩሽናው ደፍ ላይ አረፈ። በግራና በቀኝ ደግሞ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ይገባል። ስለዚህ እኛ ቤት ሦስት ነጥብ ማግባት የፈለገ ሰው ወጥ ከሚሠራበት ነው የሚወረውረው።

የቀጠርናቸው ግንበኛ አንዴ በዶማ ቆፈር አድርገው፣ ጥቁሩን አፈር በእጃቸው አሹትና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ መረሬ ነው፤ እንዲሁ ብትሞሉበት ሁለት ክረምት አይቆይላችሁም" አሉን። መረሬ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ላዩ ላይ ያለውንም አብሮ ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ይሰነጥቃል። እኛ ሲሚንቶ መለሰን የምንገላገል መስሎን ነበር። ለካስ ገንዘቡ የሚያልቀው ከማይታየው ላይ ነው! ግማሽ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ወጣ፣ ገረጋንቲ ተሞልቶ ተጠቀጠቀ፣ ድንጋይ ተነጠፈ። ከዚያ በኋላ ነው 10 ሳንቲሜትር ኮንክሪት ከነፌሮው የመጣው። ወደ 20 ኩንታል ሲሚንቶ በላ። የታላቃችን ዕቁብ እዚያው ቀረ።

ልንሞላ አንድ ቀን ሲቀረን የዕድሩ ዳኛ ሊያዩ መጡ። ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "ጎሽ፤ ግን ሲሚንቶ ላይ ካስማ የት ይመታል?" አሉ።

ተያየን። ያቺ የታጠረችው ቦታ ለካ የኛ ሜዳ ብቻ አልነበረችም። የሰፈሩ የለቅሶ ድንኳን ይተከል የነበረው እዚያው ነው። ከታጠረች ወዲህ አስፋልት ዳር ነበር የሚተከለው፤ መኪና ጥሩንባ እየነፋ፣ ሰው እያለቀሰ። እኛ ስለ ኳሳችን ስናዝን ይሄን ልብ አላልነውም ነበር። በማግስቱ ስድስት ቧንቧ ከነክዳኑ ኮንክሪቱ ውስጥ ተቀበረ።

እናንተም ካሰባችሁበት ሁለት ምክር እንካችሁ። አንደኛ፣ የቀለበቱ ቁመት 3.05 ሜትር ነው፤ የሚለካውም ካለቀው ወለል ላይ ነው። የኛ በያጅ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ከድንጋዩ ላይ ለካ፤ ሜዳው ሲያልቅ ቀለበቱ 2.95 ሆኖ ተገኘ። ተቆርጦ እንደገና ተበየደ። ሁለተኛ፣ አትቸኩሉ። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ውኃ በመጠጣት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ለሰባት ቀን ጆንያ አልብሰን በበርሜል ካጠራቀምነው እያጠጣን ከረምን። ማዘር "ጎመኔን እንዲህ ብታጠጡልኝ ኖሮ!" እያለች ሳቀችብን።

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አለቀ። አሪፍ ሆነ! ሁለት ሳምንት ተጫወትን። ከዚያ ታላቃችን ሥራ በዛበት፣ እህታችን ፈተና ደረሰባት፣ ትንሹም ብቻውን ሲወረውር ሲወረውር ሰለቸውና ወደ ሶፋው ተመለሰ።

አንድ ቅዳሜ ማዘር ወጥታ ባዶውን ሜዳ አየችና፣ "ጎመኔን የነቀላችሁት ለሦስት ሰው ነው?" አለችን። መልስ አልጠበቀችም። ሄዳ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ በራችን አይዘጋም። ሕጉም የማዘር ነው፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ ኳስ ይቆማል፣ ጤና አዳሙን በኳስ የመታ ውኃ ያጠጣዋል። (ጤና አዳሙ እንደዘንድሮ አምሮበት አያውቅም።)

ክረምቱ ሳይወጣ አንዲት ጎረቤታችን አረፉ። ክዳኖቹ ተነሱ፣ ቧንቧዎቹ ውስጥ ምሰሶ ቆመ፣ ድንኳኑ ከቅርጫቱ ሥር ተዘረጋ። ሦስት ቀን ኳስ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጣሉብን ልጆች አግዳሚ ሲሸከሙ፣ ለእንግዳ ውኃ ሲያቀርቡ ዋሉ። ትንሹ ወንድማችንም አብሯቸው ነበር፤ ስልኩን የት እንዳስቀመጠ እንኳ ረስቶት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ልጅ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ አይተነው አናውቅም። ከፎቁ ነው የመጣው፤ ከበረንዳቸው ላይ ሆኖ ሲያየን ከርሟል።

"መግባት ይቻላል?" አለ።

ትንሹ ወንድማችን ምንም ሳይል ኳሱን ወረወረለት።