ያልተከደነ ጉድጓድ

በማስተማር ዘመኔ ከወጣቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሰማሁት ጥያቄ፣ «ዓይን ስለ ዓይን የሚል የጭካኔ ሕግ ለዛሬ ሰው ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ነበር። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ቃሉን በቃላችን አጥንተነዋል፤ ስለ ምን እንደ ተጻፈ የተረዳሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. በዛሬዋ ኢራን፣ ሱሳ በተባለ ጥንታዊ ከተማ፣ የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ የተቀረጸበት ድንጋይ ተቆፍሮ ወጣ። ይህ ሕግ የባለማዕርግን ሰው ዓይን ያጠፋ ዓይኑ ይጥፋ ይላል፤ የተራውን ሰው ዓይን ያጠፋ ግን አንድ ምናን ብር ከፍሎ ይሄዳል። ኦሪት በነጻ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ማበላለጥ አላደረገም። ሀብታሙ የድኻውን ዓይን በብሩ እንዳይገዛ፣ ተበዳዩም ስለ አንድ ዓይን ነፍስ እንዳያጠፋ ልክ አበጀ።

ይሁን እንጂ ወጣት አንባቢዬ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው ከዚያ ዝነኛ ቃል ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በዚያው በዘጸአት ምዕራፍ 21 የሚገኘውን ነው። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። ዳሩ ግን በሬው ወጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ እንደ ሆነ ባለቤቱም ይጠየቃል። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወም፣ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን ይከፍላል። ሕጉ «ክፉ አስበህ ነበርን?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ታውቅ ነበርን? ከድነህስ ነበርን?» ይላል እንጂ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን አንድ ሥራ ተቋራጭ ለውሃ ቧንቧ ቦይ አስቆፍሮ፣ ክረምት ሲገባ ሳይከድነው ሄደ። ጎርፍ ሲሞላው መንገዱና ቦዩ አንድ መሰሉ። እኔ ፊደል ያስቆጠርሁት የጎረቤቴ ልጅ ማታ ከሱቅ ሲመለስ ገብቶበት ጭኑ ተሰበረ። እናቱ ጉልት ቸርቻሪ ናት፤ ልጅዋን ስታስታምም ሁለት ወር ሙሉ ጉልቷ ባዶ ዋለ።

ለሽምግልና ስንቀመጥ የተቋራጩ ወኪል «የእግዜር ነገር ሆነ እንጂ ማን ክፉ አሰበ?» አለ። ከሽማግሌዎቹም አንዱ «ቀኑ ነው፣ እንግዲህ ይቅር በዪ» አሏት። ይህ አነጋገር ዘወትር ያናድደኛል። ጉድጓዱን ያልከደነ ሰው ጥፋቱን በእግዚአብሔር ስም ሲከድን እንዴት ዝም ይባላል? እኔም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ «ቦዩ አፉን እንደ ከፈተ መቅረቱን የነገራችሁ ሰው ነበርን?» አልሁት። ሦስት ጎረቤቶች ለዘበኛው ነግረው ኖሯል። በሬው ወጊ መሆኑ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

ሰውዬው የሕክምናውን ወጪ ተቀበለ፤ የእናትየውን የጉልት ገቢ ግን እምቢ አለ። በዚያው ምዕራፍ፣ ሰውን መትቶ አልጋ ላይ የጣለ፣ ከማስታመሙ ሌላ ሥራ ስላስፈታው ካሣ እንዲከፍል መጻፉን ብነግረው፣ «ጋሼ፣ ኦሪት እኮ አልፏል፤ ዛሬ ሐዲስ ነው» አለኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል ብዬ መለስሁለት።

በኦሪት ያለውን ሁሉ ወደ ዛሬ ፍርድ ቤት እናምጣ ማለቴ ግን አይደለም። ያው ምዕራፍ፣ ወጊው በሬ ባሪያ ቢገድል ለጌታው 30 ሰቅል ብር ይሰጠው ይላል፤ በነጻ ሰዎች መካከል ያልነበረው ማበላለጥ እዚህ አለ። ይህን ከዛሬ ፍትሕ ጋር ለማስማማት የሚደክሙ ሰባክያን አጋጥመውኛል። እኔ አልደክምም። ቅጣቱ ለዚያ ዘመን ሰዎች ተሰጥቷል፤ ጥያቄው ግን ፍሬን እንደማይዝ እያወቀ መኪናውን ወደ መንገድ ለሚያወጣ፣ የላላ የእንጨት መወጣጫ ላይ የቀን ሠራተኛ ለሚያሰልፍ ሰው ሁሉ ይቀርባል።

ሴትዮዋ ከብዙ ክርክር በኋላ የአንድ ወሩን ገቢ አገኘች፤ ሁለተኛው ቀረባት። ቦዩም የተከደነው በመስከረም ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሰፈሩ ልጆች ድንጋይ ደርድረው እሾህ አጠሩበት።