የእጥበቱ ቱቦ

ያደግሁት ከላላ ደጋው ላይ ነው፤ ብርድ አውቃለሁ። አዲስ አበባ፣ የኩላሊት እጥበት አልጋ ላይ የያዘኝ ግን ሌላ ነበር። ማሽኑ ደሜን ማዞር ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ጋቢ በጋቢ ላይ ቢደረብልኝም አልጋው ሳይቀር አብሮኝ ተንቀጠቀጠ። ሲስተሯ ግንባሬን ነካችና «ከቱቦው ነው» አለች።

ቱቦው በአንገቴ ደም ሥር ገብቶ ጫፉ ልቤ ደጃፍ ላይ ያርፋል። ውጭ የቀሩት ሁለት አፎች ናቸው፤ በቀዩ ደም ይወጣል፣ በሰማያዊው ታጥቦ ይመለሳል። የእጥበት ነርሶች ሲከፍቱት እነሱም እኔም ማስክ እናደርጋለን፣ ፊቴን ወዲያ አዞራለሁ፣ አፉን በአልኮል ይፈትጉታል። ሲጨርሱ ደም እንዳይረጋበት ሄፓሪን ሞልተው፣ መቆንጠጫውን ዘግተው፣ ቆቡን ያጠብቃሉ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ትውከት አድክሞኝ ሌላ ጤና ተቋም ገብቼ ነበር። ክንዴ ላይ ደም ሥር ሲጠፋ ባለሙያው ጓንት እንኳ ሳያጠልቅ ቆቡን ከፍቶ ግሉኮስ ሰካበት። አክስቴ «ኧረ ልጄ፣ ይሄ የእጥበቱ ነው፣ አይነካም ተብሏል» ብትል የሚሰማት አጣች። ዛሬም ያንገበግበኛል። እሷ ያወቀችውን እሱ ማወቅ ነበረበት።

ቱቦው ውስጥ ያደረ ጀርም ማሽኑ ሲጀምር ተገፍቶ ደም ውስጥ ይገባል፤ ብርዱ እጥበት ላይ የሚነሳው ለዚህ ነው። ሲስተሯ ትኩሳት ማብረጃ ሰጥታ አላለፈችኝም። ሐኪም ጠራች፤ ለምርመራ ደም ተወሰደ፣ ውጤቱ ሳይጠበቅ ቫንኮማይሲን ተጀመረልኝ። ግፊቴ ወርዶ ስለነበር ሌሊቱን አላስታውሰውም፤ አክስቴ «አብሽሪ» እያለች እጄን ይዛ አንግታዋለች። ቱቦው ወጣ፤ ደሜ ሲጠራ በሌላው ጎን አዲስ ገባልኝ።

ከዚያ ወዲያ ውሃ አላስጠጋሁበትም። ገላዬን ከደረት በታች ብቻ ታጠብኩ፤ ውዱእ ያልተመቸኝ ቀን በተየሙም ሰገድኩ፣ ለታመመ ተፈቅዷልና። አጠገቤ የምትታጠበው የመካነ ሰላሟ ሴትም ጠበሉን ትጠጣለች እንጂ አትጠመቅም።

ቱቦ ይዞ አገሩ የሚገባ ሰው ብርድ ብርድ ካለው እስከ ነገ አይጠብቅ። ቆቡ ቢወልቅ አየር ወደ ልብ እንዳይገባ ቱቦውን ወዲያው አጥፎ ይያዝ፤ ቱቦው ቢነቀል ቀዳዳውን በንጹህ ጨርቅ አጥብቆ ተጭኖ ሐኪም ቤት ይድረስ።

አሁን እኔ ቱቦ የለኝም። በ1966 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ብሬሺያ፣ ቺሚኖና ባልደረቦቻቸው ይፋ ባደረጉት ቀዶ ጥገና ግራ አንጓዬ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ ተገናኝተውልኛል። ደም ሥሩ እስኪጠነክር ሳምንታት መጠበቅ ነበረብኝ። በዚያ እጄ ግፊት አይለካም፣ ለእጥበት ካልሆነ መርፌ አይገባም። ጤና ተቋም በገባሁ ቁጥር ከስሜ አስቀድሜ የምናገረው ይህንን ነው።