ዘይቱን ለወግ ለማዕረግ ሲበቃ

እኛ ጅማ ባደግንበት ዘመን ዘይቱን በገንዘብ መግዛት የሚባል ነገር በሐሳባችንም አልነበረም። ኧረ ማን ይገዛል! አጥሩ ጥግ ዘይቱን፣ አዌቱ ዳር ዘይቱን፣ ቡናው መሐል ዘይቱን። ማን ተከለው ብሎ የጠየቀም የለ፤ ሁሉም ወፍ ዘራሽ ነው። ወፏ በልታ ከምትጥለው እየበቀለ ሰፈሩን ሞላው።

የደረሰ ሰሞን ሽታው ከቤት ጠርቶ ያወጣናል። አቤት ያ ልስልስ ግንድ! ስስ ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ እየተላጠ ከሥሩ አረንጓዴው ብቅ ይላል። በባዶ እግራችን ስንወጣበት ቅርንጫፉ እሺ ብሎ ይጎብጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ከላይ ሆነን «ቀይ ነው ነጭ?» እያልን እንወራረዳለን፤ ፍሬው ሳይገመስ የውስጡን የሚያውቅ የለማ! ጥሬውን በጨው ያጋመሰ ልጅ ሆዱ ድርቅ ብሎ ሲጨነቅ ያመሻል። ሆዱ ለተላወሰ ደግሞ እናቶቻችን የዚያኑ ዛፍ ቅጠል አፍልተው ያጠጡታል።

ከሁሉ የሚበልጠው የእታታ ዘይቱን ነበር። እታታ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ዛፏ የቆመው ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው። የምድጃው አመድ እሱ ሥር ይደፋል፣ የጀበናው አተላ እሱ ሥር፣ የተፈለፈለው ቡና ገለባ እሱ ሥር። የሰፈሩ ዘይቱን እንቁላል ሳያህል ሲበስል የእሷ እፍኝ ይሞላ ነበር! ለምን እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም። የእታታ እጅ የተባረከ ነው ይባላል፣ አለቀ።

ዛሬ በዚያው ጓሮ የእታታ ልጅ የዘይቱን ችግኝ ያፈላል። ከአዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ሻንጣዬን ሳልፈታ የምሮጠው ወደ እሱ መደብ ነው።

አንድ የዘይቱን ፍሬ ከ100 እስከ 500 የሚደርስ ዘር በሆዱ ይይዛል፤ ዘሩ ግን ጥርስ የሚፈታተን ነው። ሽፋኑ ውሃ ቶሎ ስለማያስገባ እንዲሁ ሲዘራ አንዱ በሦስት ሳምንት፣ ሌላው በሁለት ወር ብቅ እያለ መደቡን ያዘበራርቀዋል። ድሮ ሽፋኑን የምታለሳልሰው ወፏ ነበረች፤ ዛሬ ያንን ሥራ የተረከበው የእታታ ድስት ነው! በደንብ ከበሰለ ፍሬ የወጣው ዘር ከነሥጋው ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ሥጋው ሲላቀቅ በወንፊት ይታጠባል። የተንሳፈፈው ይደፋል፣ የሰጠመው ይቀራል፤ የቀረው ደግሞ ለ5 ደቂቃ ይቀቀላል። አዎ፣ ይቀቀላል! እታታ መጀመሪያ ስታይ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ዘር ነው ወይስ ንፍሮ?» ብላ ጮኸች። መቀቀሉን የፈራ ሁለት ሳምንት ይዘፍዝፈው፣ ውሃውን እየቀየረ። የምርምር ሰዎች ጅብሬሊክ አሲድ የሚባል የዕድገት ሆርሞን ውስጥ ይነክሩታል፤ ለጓሮ ግን ድስት ይበቃል ባይ ነኝ። ከዚያ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ተቀላቅሎ የችግኝ ላስቲክ ይሞላና ዘሩ ይዘራበታል። ችግኙ እኩል ብቅ ሲል ማየት ነው! እልል ያሰኛል።

ልቤን የሞላው ግን የአፈሩ ነገር ነው። የጅማ አፈር ዝናብ የጠገበ ቀይ አፈር ነው። ዝናቡ ካልሲየሙንና ፖታሲየሙን እያጠበ ሲወስደው አፈሩ ይኮመጥጣል፤ ፎስፈረሱም ከብረትና ከአልሙኒየም ጋር ተጣብቆ ለሥሩ አይደርስም። እንግዲህ የእታታን አመድ አስቡት! አመድ እንደ ኖራ የአፈሩን ኮምጣጣነት ያበርዳል፣ ፖታሲየምም አለው። የቡና ገለባም በፖታሲየም የታወቀ ነው። ፍሬ የሚሞላውና የሚጣፍጠው ደግሞ በፖታሲየም ነው። ለካ እታታ ዕድሜዋን ሙሉ ዛፏን ስትቀልብ ኖራለች! ይህን ስነግራት «ታዲያ ዝም ብሎ ያፈራ መስሎሽ ነበር?» አለችኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ድሮ ማዳበሪያ ሲባል ዳፕና ዩሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአገሪቱ የአፈር ካርታ ሥራ ግን ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክም በብዙ ቦታ እንደሚጎድሉ አሳየ። ዘይቱን የዚንክ እጥረቱን በቅጠሉ ይናገራል፤ አዲሱ ቅጠል ይጠባል፣ በጅማቶቹ መካከልም ቢጫ ይሆናል። የእታታ ልጅ በአንድ ሊትር ውሃ 5 ግራም ዚንክ ሰልፌት ከጥቂት ኖራ ጋር በጥብጦ ይረጫል። ከዚያ በኋላ የወጣውን ቅጠል መዳፌ ላይ ዘርግቼ ካሮጌው ጋር አስተያየሁት፤ ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጅማቱ ጎላ ያለ። ስሜው ነበር!

የእታታ ልጅ ዛፉን መግረዝም ለምዷል፤ ዘይቱን የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ።

ችግኞቹ እንደ አያያዛቸው ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ማፍራት ይጀምራሉ። ጁስ ቤቶቹም ከወዲሁ ይጠይቃሉ፤ ዛሬ ስፕሪስ ሲታዘዝ ዘይቱን ከማንጎና ከአቮካዶ እኩል ብርጭቆ ውስጥ ተደርድሮ ይቀርባላ! ይገባዋል፤ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን አራት እጥፍ ያህል ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ከዘር የበቀለ ዘይቱን እናቱን ላይመስል ይችላል። ያ ሁሉ የ«ቀይ ነው ነጭ?» ውርርዳችን ከዚህ የመጣ ነው። የእታታን ዛፍ ቁርጥ እሱን የሚፈልግ ከዛፉ ቀንበጥ ቆርጦ በችግኝ ላይ ማዳቀል አለበት። የእታታ ልጅም ዘንድሮ ከተቀቀለው ዘር የበቀሉትን ችግኞች ግንዳቸው እስኪወፍር እየጠበቀ ነው፤ ከማድ ቤቱ ጀርባ ካለው ዛፍ ቀንበጥ ወስዶ ሊያዳቅልባቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ተመዝግቧል። የመጀመሪያው ግን የእኔ ነው፤ እታታ ፊት አስምዬዋለሁ!