መጽሐፉን ዝጊና ንገሪኝ

ባለፈው ክረምት መቀሌ አጠገብ ቁሓ፣ እህቴ ቤት ሰነበትኩ። ልጇ ለማትሪክ እየተዘጋጀች ነው፤ ዕድሜዋ 20 ደርሷል። እዚያ አካባቢ ይህ ማንንም አያስገርምም። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ 8ኛ ክፍል ነበረች። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ብዙ የመቀሌ ትምህርት ቤቶችም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። እሷ ዳግም ደብተር ይዛ ክፍል የገባችው በ2015 ነው።

የጠፋውን ጊዜ ለመካስ ትቸክላለች። ቤቱ ሁሉ ተኝቶ የእሷ መብራት አይጠፋም። አንድ ማታ የባዮሎጂ መጽሐፏን ገለጥኩት። ገጹ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ነው፤ ያልተቀለመ መስመር ማግኘት ይቸግራል።

«ኦስሞሲስ ምንድን ነው?» አልኳት።

ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ባንድ ትንፋሽ አወረደችው።

«እሺ፣ አሁን መጽሐፉን ዝጊና በትግርኛ ንገሪኝ። ውሃው ከየት ወዴት ነው የሚሄደው? ለምን?»

ዝም አለች። ጣቷን ከገጹ መሃል አላወጣችም፤ መልሳ ልትከፍተው ፈልጋለች።

«ሓትኖ (አክስቴ)፣ አሁን እኮ ነው ያነበብኩት» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አምናታለሁ። አራት ጊዜ ሳታነበው አልቀረችም። ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው፤ ዓይን የለመደውን ገጽ ልብ ያወቀው ይመስለዋል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ለአራት ዙር አጠና። ሌላው አንድ ዙር ካጠና በኋላ ሦስት ዙር ወረቀቱን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያጠኑት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ 40 ከመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 ከመቶውን አስታወሱ።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን የሚያውቁት ከጥንት ነው። ተማሪው የቃል ትምህርቱን የሚቀበለው ማታ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ ነው። የያዘውን መምህሩ ፊት ያለ መጽሐፍ ያወጣዋል። ቀደም ያለው ደግሞ ታናሹን ያስቀጽላል። እኛ ከዚያ ሁሉ ሽምደዳውን ብቻ ይዘን፣ ያለ መጽሐፍ መጠየቁንና ታናሽን ማስተማሩን የጣልነው ይመስለኛል።

የእህቴ ልጅ ላይ ሌላም ሸክም አለባት። እስከ 8ኛ ክፍል በትግርኛ ተምራ ከ9ኛ ጀምሮ ሁሉም እንግሊዝኛ ሆነባት፤ ትምህርቱ የተቋረጠባት ደግሞ ልክ መሻገሪያው ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። መጀመሪያ ያነበበችውን መጽሐፉን ዘግታ በትግርኛ ለእኔ ትነግረኛለች። ቀጥላ በራሷ እንግሊዝኛ፣ ቢንገዳገድም፣ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች። መጽሐፉ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሳተችውን በቀይ ታርማለች። ያንኑ ጥያቄ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ እደግምላታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበዷት። «ምንም እንደማላውቅ ነው የሚሰማኝ» ትል ነበር። የጥናት ላቡ ያ እንደሆነ ደጋግሜ ነገርኳት።

በጊዜ እንድትተኛም አደረግኳት። እኔ በተማሪነቴ እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች አሉ፤ ዛሬ ይቆጨኛል። አእምሮ ቀን የሰበሰበውን የሚያደላድለው ተኝተን ሳለ ነው።

  

ችግሩ የእሷ ብቻ አይደለም። የትግራይ ልጆች ባልተቀመጡበት የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ቁጥሩ 8.4 ደረሰ። ውጤት በወጣ ቁጥር ልጆቹን እንወቅሳለን። እኔ እስከ ሌሊት የሚቀመጡ ልጆችን አይቻለሁ፤ እንዴት እንደሚጠና ግን አንድ ቀን እንኳ ያሳያቸው የለም።

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ የእህቴ ልጅ የጎረቤቱን የ9ኛ ክፍል ልጅ ጠርታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው። ድንች ቆርጣ ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ ነክራለች። ቁራጩን አውጥታ አስጨበጠችው፤ ለስልሷል፣ ይተጣጠፋል። ውሃው ከድንቹ ወደ ጨው ወዳለበት እንደወጣ በትግርኛ አስረዳችው። ልጁ ትንሽ አሰበና፣ ታዲያ ጨዉስ ለምን እንደ ውሃው ወደ ድንቹ እንደልቡ አይገባም ብሎ ጠየቃት።

አላወቀችም። ብድግ ብላ መጽሐፉን ልታመጣ ወደ ውስጥ ሮጠች። ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ ጓጉታ ስትከፍተው አላየኋትም ነበር።