ቡችላዋና ምንጣፉ

በአገራችን ውሻ ከጥንት ጀምሮ የደጅ ፍጡር ነው። ስፍራው አጥር ግቢው፣ መኝታው የበሩ ጥግ፣ ሥራው ሌሊት መጮኽ ነው። ሽንቱን የት እንደሚሸና ያስተማረው የለም፤ ግቢው ይበቃው ነበርና አስተማሪም አላስፈለገውም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤቶች መሠራት ከጀመሩ ወዲህ ግን፣ ውሻ ማሳደግ ያማረው የፎቅ ነዋሪ ቡችላውን አቅፎ ደረጃ መውጣት ግድ ሆነበት። ሰውም ውሻም ለዚህ ኑሮ እንግዳ ናቸው። የመጀመሪያው ጠብ የሚነሣውም በምንጣፍ ነው።

ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት በአራተኛ ፎቅ ላይ ለልጅ ልጃቸው ሲሉ ቡችላ ያሳድጋሉ። ቡችላዋ በአራተኛ ወሯ ደጅ ወርዳ መሽናት ለምዳ ነበር፤ ስድስተኛውን ስትይዝ ግን የተማረችውን የረሳች መሰለች። ከደጅ ተመልሳ ገና በሩ ሳይዘጋ ሳሎኑ መካከል ቁጢጥ ትላለች፤ የምትሸናው ጠብታ ያህል ነው፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ሌላ ቦታ ትደግማለች። መምህርቷ ዕድሜያቸውን ልጅ ሲቀጡ የኖሩ ናቸውና የሚያውቁትን አደረጉ። አፍንጫዋን እርጥቡ ምንጣፍ ላይ ደፈቁት፤ በተጠቀለለ ጋዜጣ መቷት፤ ውኃዋንም አነሡባት። ጎረቤትም ምክር አልነፈጋቸውም፤ «እትዬ፣ ይቺ ጠግባ ነው፤ ከቀለበት መንገድ ማዶ ወስዶ የሚጥልልዎት ልጅ አይጠፋም» ያላቸው ነበር። የልጅ ልጃቸው ይህን ሰምቶ ያን ዕለት እራት አልበላም።

ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው ሕዝባችን ለዚህ እንስሳ ታማኝነት ምስጋና አላነሰውም፤ ታሞ ይሆን ብሎ መጠየቅን ግን ገና አለመደም። ያጠፋን ሁሉ ባለጌ ማለት ይቀናዋል። ዘግይቶ የተቀጣ ቡችላ ቅጣቱን ከሽንቱ ጋር አያገናኘውም፤ የሚማረው ሰው ሲመጣ መሸማቀቅን፣ ተደብቆ መሽናትን ነው። አንዳንዱም በፍርሃት ብቻ ሆዱን ገልብጦ ሽንት ያመልጠዋል፤ ባለቤቱ ይህንንም እልኽ ይለዋል።

በእርግጥ ሁሉም ጥፋት በሽታ አይደለም። የሁለት ወር ቡችላ ቀን ላይ ሽንቱን ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ መያዝ አይሆንለትም፤ ከእንቅልፍ፣ ከምግብና ከጨዋታ በኋላ ወዲያው ካልወጣ ያመልጠዋል። በረኪናም ሽታውን ለሰው አፍንጫ እንጂ ለውሻው አያጠፋለትም፤ ስለዚህ እዚያው ይመለሳል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ለምዶ የነበረ ልማዱን በድንገት ሲተው ምክንያቱ መመርመር አለበት።

መምህርቷ በመጨረሻ የሄዱባት ወጣት ሐኪም፣ በቢሾፍቱ የተማረች፣ ቡችላዋን ከመንካቷ በፊት ጠየቀች። «እማማ፣ የምትሸናው ጥቂት ጥቂት ነው ወይስ ብዙ? ተኝታ ሳለችስ መኝታዋ ይረጥባል? ታምጣለች? ብልቷን ትልሳለች?» ጥያቄው ሁሉ መንገድ አለው። ተኝታ የሚንጠባጠባት ከሆነ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቧንቧ ከተፈጥሮ ስፍራውን ስቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሴቶቹ ላይ ይበዛል። ብዙ ጠጥታ ብዙ የምትሸና ከሆነ ኩላሊት ወይም የስኳር በሽታ ይጠረጠራል። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፣ እያማጠችና እየላሰች ከሆነ ደግሞ የፊኛ ቁስለት ነው የሚታሰበው።

በማግሥቱ ጧት የልጅ ልጃቸው ንጹሕ ሰሐን ይዞ ግቢውን በቡችላዋ ኋላ ሲዞር ያዩ ጎረቤቶች ብዙ ሳቁ። ሰሐኑ ላይ የተገኘው ጥቂት ሽንት ደም ቀላቅሎ ነበር፤ ምርመራውም የፊኛ ኢንፌክሽን መሆኑን አሳየ። ሐኪሟ ፀረ ባክቴሪያ አዘዘች፤ ዳነች ብለው ከቀኑ በፊት እንዳያቋርጡ አስጠነቀቀች፤ ውኃዋም ወዲያው እንዲመለስላት አደረገች። ሲያቃጥላት የኖረ እንስሳ ላይ ውኃ መከልከል ሽንቱን ይበልጥ ያወፍረዋልና።

መድኃኒቱ ሳያልቅ ሳሎኑ ደረቀ። ቡችላዋም እንደ ቀድሞው በሩን በእግሯ እየቧጠጠች ደጅ ታስጠራለች። ጋዜጣ ሲጠቀለል ስትሰማ ግን እስካሁን ወለሉ ላይ ትለጠፋለች፤ ከሥሯም ጥቂት ይረጥባል። ስለዚህ መምህርቷ ጋዜጣቸውን የሚያነቡት ሁለቱ ደረጃውን ወርደው ሲሄዱ ነው።