ዓይነትና ዘር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ናይሮቢ ውስጥ ለሚሰጥ ሥልጠና የሚሆን የሲ የፕሮግራም ቋንቋ መማሪያ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተጠይቄ ነበር። ሥራው ተጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ተቋረጠ። ስመለስበት ቀድሞ የተረጎምሁትን አገላብጬ ሳላነብ ከቆምሁበት ቀጠልሁ። ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

መጽሐፉ ለተማሪዎች በተሰጠ በወሩ አንዲት ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ የዳታ ዓይነትና የዳታ ዘር ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለችኝ። ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍላ፣ በግራው «ዓይነት»፣ በቀኙ «ዘር» ብላ፣ ከመጽሐፉ የለቀመቻቸውን ምሳሌዎች ከየሥራቸው ደርድራለች። ልዩነቱን ስትፈልግ ሳምንት ሙሉ ደክማለች። ልዩነት ግን አልነበረም። በፊተኞቹ ምዕራፎች «ዓይነት» ያልሁትን ከአምስት ወራት በኋላ «ዘር» ብዬው ኖሯል።

ልጅቱ አልተሳሳተችም። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አንድን ቃል መደጋገም የቋንቋ ድህነት ነው እየተባልን ነው ያደግነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የያዘ አንባቢ ግን ስሙ ከተለወጠ ነገሩም ተለውጧል ብሎ ያምናል፤ ማመኑም ተገቢ ነው።

ትርጉሙን በሙያው በኩል ያረመልኝ ወጣት ፕሮግራመር ይህን ስነግረው ሳቀና «የእኛም ቤት በዚሁ የተሞላ ነው» አለኝ። በሲ ቋንቋ «ዓይነት» ሲባል፣ በቀላሉ፣ ቁጥር የሚሰፈርበት ዕቃ ነው። በ1970ዎቹ ቋንቋው ሲፈጠር «ኢንት» የተባለው መስፈሪያ ቁርጥ ያለ ልክ አልተሰጠውም። ቁና ከገበያ ገበያ እንደሚለያይ ሁሉ፣ ኢንትም ፒዲፒ-11 በተባለው ኮምፒዩተር ላይ 16 ቢት፣ በኋላ በመጡት ላይ 32 ቢት ሆነ። ስለዚህ ልኩን በስሙ ላይ የሚናገር መስፈሪያ ያስፈለገው ሁሉ የየራሱን ስም አወጣ። የጋራ ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1999 «ዩኢንት32_ቲ»ን የመሳሰሉ ስሞችን ይዞ ሲመጣ ብዙዎቹ ትልልቅ ሥራዎች አርጅተው ነበር። በ1991 የተጀመረውና ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመሮች በላይ የያዘው የሊነክስ ከርነል «ዩ32» የሚል የራሱ ስም አለው። ሁለቱም ያው የ32 ቢት፣ ምልክት አልባ ቁጥር ናቸው፤ እንደ «ፀሐይ»ና «ጸሐይ» መሆናቸው ነው። ሰው ሁለቱንም አንድ ብሎ ያነባል። አንዱን ብቻ እንዲፈልግ የታዘዘ ኮምፒዩተር ግን ሌላውን አልፎት ይሄዳል።

የከርነሉ ሰዎች ለዚህ ያወጡት ደንብ ማርኮኛል። ሁሉም በአንድ ቀን ይለወጥ አላሉም። አዲስ የሚጽፍ ከሁለቱ የወደደውን ይያዝ፤ የቆየ ጽሑፍ የሚያርም ግን በዚያ ያገኘውን አጻጻፍ ይከተል ነው የሚሉት። የእንግዳ ወግ ነው።

የባሰው ግን አንድ ስም ለሁለት ነገር ሲውል ነው። ፖስትግሬስ የተባለው የታወቀ የመረጃ ቋት በሲ በተጻፈው የውስጥ ኮዱ «ኢንት8» ሲል የ8 ቢት ቁጥር ማለቱ ነው። ለተጠቃሚው በሚያቀርበው የመጠየቂያ ቋንቋ «ኢንት8» ሲል ደግሞ የ8 ባይት፣ ማለትም የ64 ቢት ቁጥር ይሆናል። አንዱ በቢት ቆጠረ፣ ሌላው በባይት።

ይህን ሁሉ ሰምቼ እንኳ ከስሕተት አልዳንሁም። ለሁለተኛው ኅትመት ዕርማት ስቀመጥ ኮምፒዩተሩን «ዘር የሚለውን ሁሉ ዓይነት በለው» ብዬ አዘዝሁት። በአንድ ጊዜ ጨረሰው። «ዘርፍ» «ዓይነትፍ» ሆነ። «መዘርዘር» «መዓይነትዓይነት» ሆኖ ቁጭ አለ። ይህን ዓይቼ ስቄም ተናድጄም አስተካከልሁት። ያላየሁት ሌላ ነበር። የዘፈቀደ ቁጥሮች በሚፈልቁበት ምዕራፍ ውስጥ፣ የቁጥሮቹ ተርታ የሚበቅልበትን መነሻ ቁጥር «ዘር» ብየው ነበር፤ ያ ትክክለኛ ዘር ነው፤ ያው ዘር ሲዘራ ያው ተርታ ይበቅላል። እርሱም «ዓይነት» ሆነ። ዓረፍተ ነገሩ ምንም እንከን ሳይታይበት ይነበባል፤ ትርጉሙ ግን የለም።

ያገኘው ፕሮግራመሩ ነው፤ ለማተሚያ ቤት ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው። «ሎንግንም እንዲሁ የሚያጠፉ አሉ» አለኝ። ሎንግ የተባለው መስፈሪያ በ64 ቢት ሊነክስ ላይ 64 ቢት ነው፤ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 32። በሊነክስ ከርነል ውስጥ ምልክት አልባው ሎንግ የማስታወሻ አድራሻ የሚያዝበት ስለሆነ፣ ኮምፒዩተሩ 32 ቢት ሲሆን አብሮት እንዲጠብ፣ 64 ሲሆን እንዲሰፋ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ስሞችን አንድ ላድርግ ብሎ በጅምላ ቋሚ ልክ የሚሰጠው ሰው ያን ዓላማ ያጠፋዋል። ዕርማቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ፣ በዓይኔ፣ አንድ በአንድ ሠራሁት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ።

አሁን ሁለተኛውን ቅጽ ከአንድ ወጣት ጋር እየተረጎምን ነው። ባለፈው ሳምንት ባመጣልኝ ምዕራፍ ውስጥ «ዳታ ታይፕ» ይላል። «ጋሼ፣ ሁሉም ሰው የሚለው ታይፕ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። እውነቱን ነው፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው የተሻለው ቃል እርሱ ነበር። «የመጀመሪያው ቅጽ ግን ዓይነት ብሎ ወጥቷል» አልሁት። ቅር እያለው ወስዶ አስተካከለው።