ሳልልከው የቀረ ፎቶ

ያኔ ሮም ለመሄድ ያማከርነው ሰው አልነበረም። ታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. ነው፤ ሙኒክ በረዶ ውጧታል። ዓርብ ማታ ከሥራ ስንወጣ ጓደኛዬ «ፀሐይ ካየን ስንት ጊዜ ሆነን?» አለኝ። «እንሂድ?» አልኩት። ወዴት ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ባቡር ጣቢያ ሄደን ሰሌዳው ላይ የሌሊቱ ባቡር ሮም ይላል፤ ትኬት ቆረጥን። ሻንጣ አልያዝንም፣ ማደሪያ አልያዝንም። ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ያረጀች የፊልም ካሜራ ነበረች፤ እሷው ናት ንብረታችን።

ቅዳሜ ጠዋት ተርሚኒ ስንወርድ ፀሐይዋ ወጥታለች፤ ነፋሱ ግን አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ቋንቋውን አናውቅም፤ ቃላቱ ግን ያውቁናል። ፌርማታ፣ ጎሚስታ፣ ፉርኖ፤ አዲስ አበባ ጥለናቸው የመጣን ቃላት በየሱቁ በር ላይ ተጽፈው ጠበቁን። ዩሮ ሥራ ላይ ከዋለ ገና አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ሊሬውም ከእጅ አልወጣም። ቡና የጠጣንበት ቤት ባንኮኒ ላይ ምንዛሪው ተለጥፏል፦ 1 ዩሮ በ1936.27 ሊሬ። ጓደኛዬ ማኪያቶውን እንደያዘ ቁጥሩን ደጋግሞ አነበበው። በእነሱ አቆጣጠር 1936 ሠራዊታቸው አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ቀኑ ሚያዝያ 27። የምንዛሪ ሒሳብ ያመጣው መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ማኪያቶው እስኪያልቅ ሳንነጋገር ቆየን።

እሑድ የገና ዋዜማ ነበር። ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ የተሰጠ ስም ነው። የእኛ ሰዎች የሚገናኙትም እዚያው ነበር። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት ሴቶች ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ስለሆነ፣ በእነዚያ ቀናት አካባቢው አማርኛና ትግርኛ ይሞላል። ነጠላቸውን ካፖርት ላይ ጣል ያደረጉ አንዲት ሴት ስንነጋገር ሰምተው ቆሙ። ሃምሳዎቹን ያለፉ ይመስሉኛል። የት እንዳደርን፣ ምን እንደበላን ጠየቁን። ከዚያ፣ «ሐውልቱን ሰላም ብላችሁታል?» አሉን።

አላልነውም ነበር። ኮሎሲየሙን አይተናል፣ ቫቲካን ደርሰናል፤ እሱን ግን አላሰብነውም።

«ነውር ነው እኮ፣ ልጆቼ! ዘመድ ያለበት አገር መጥቶ ሳይጠይቁ መሄድ አለ?» ብለው በሜትሮ ይዘውን ሄዱ። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ወርደን ቀና ስንል የአክሱም ሐውልት መኪና በሚተራመስበት አደባባይ ላይ ቆሟል። ሃያ አራት ሜትር ድንጋይ፣ ክብደቱ 160 ቶን ገደማ። ከኋላው የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ አለ፤ ያ ሕንፃ መጀመሪያ የታነጸው ለሙሶሊኒ የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልቱን እዚህ ያቆሙት በጥቅምት 1930 ዓ.ም. ነው። እትዬ የሐውልቱን ሥር፣ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን በር አሳዩን። «ይኸ በር እዚህ አይከፈትም፤ ቤቱ አይደለማ!» አሉ። አበበ ቢቂላም የሞሮኮውን ሯጭ ጥሎ የወጣው እዚህ ጋ እንደሆነ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በእግራቸው መንገዱን እየተከተሉ አስረዱን። ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ፎቶ አነሳኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሐውልቱን ከኋላቸው አድርገው። «እናቴ እንድታየው እፈልጋለሁ» አሉኝ። የሚሠሩበትን ቤት አድራሻ በወረቀት ጻፉልኝ።

«በሳምንቱ እልክልዎታለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው።

ሳቁ። «እነሱም በ18 ወር እንመልሳለን ብለው ፈርመው ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በየካቲት 1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገብታለች።

ሲመሽ ወደ ተርሚኒ ተመለስን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ እትዬ ግን ከቦርሳቸው ጃንጥላ አውጥተው ዘረጉ። «ዝናብ አይደለም፣ ወፍ ነው። ግቡ፣ ግቡ!» አሉን። ቀና ስንል ሰማዩ ሙሉ ጥቋቁር ወፍ ነው፤ እንደ ጭስ ይጠቀለላል፣ ይበተናል፣ ደግሞ ይሰበሰባል። ክረምት በገባ ቁጥር ከሰሜን ይመጣሉ፤ ቀን ገጠር ውለው ማታ በከተማው ዛፎች ላይ ያድራሉ፤ ከሥራቸው የቆመ ሰው ወዮለት። ሦስታችን በአንድ ጃንጥላ ተጠጋግተን ወደ ጣቢያው ገባን። ባቡሩ ሊነሳ ሲል እትዬ በፎጣ የተጠቀለለ ሳህን አቀበሉን። «ቅዳሴ የሚወጣበት ሰዓት ሳይደርስ እንዳትከፍቱት» ብለው ጣታቸውን ቀሰሩብን። ብሬነር ተራራ ላይ፣ በረዶው መስኮቱን እየመታው፣ ዶሮ ወጡን ከፈትነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያች ሌሊት ያለ ገና አላሳለፍኩም።

ፊልሙን በሳምንቱ አሳጠብኩ። ፎቶው ጥሩ ወጥቷል። አድራሻውም በእጄ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ አለፈ፤ ቤት ቀየርኩ፤ ወረቀቱ ጠፋ። ሐውልቱ በሦስት ተቆርጦ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ሲገባ፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም.፣ ሙኒክ ውስጥ ተሰብስበን እልል ስንል እትዬ ትዝ አሉኝ። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ቆሞ ሲመረቅም ትዝ አሉኝ። ጣሊያን 18 ወር ያለችውን 58 ዓመት ፈጀችበት እያልኩ በየስብሰባው ስናገር ቆይቻለሁ። ስናገር ፎቶው የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ዘንድሮ ጥር ላይ ዕቃ ሳስተካክል እንደገና አገኘሁት። ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ «በዚህ ሳምንት እንኳ አይመቸኝም፣ ለፋሲካ ብናደርገውስ?» አለኝ። ስልኬ ላይ በአሥር ደቂቃ የአውሮፕላን ትኬትም ሆቴልም ቆርጬ ብቻዬን ሄድኩ። የሌሊት ባቡር፣ የኪስ ካሜራ የሚባል ነገር አላሰብኩም።

በሜትሮ ሦስተኛው ፌርማታ ወረድኩ። ሐውልቱ በነበረበት አደባባይ ሁለት የጥንት ዓምዶች ቆመዋል፤ ኒው ዮርክ ላይ በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. በሽብር ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የተደረጉ ናቸው። መኪናው እንዳለ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደግሞም ደስ ብሎኛል፤ ሐውልቱ ቤቱ ገብቷል። ቢሆንም ቀና ብዬ ስፈልገው ቆየሁ። ሮም ስሄድ ይህ አራተኛዬ ነው፤ አክሱም ግን ሄጄ አላየሁትም። በ2013 ዓ.ም. የትግራዩ ጦርነት መንገዱን ዘጋው እላለሁ ለጠየቀኝ ሰው። ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መንገዱ ክፍት ነበር።

ከተርሚኒ ጀርባ ወዳለች ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት ገባሁ። ምግብ ያቀረበችልኝ ልጅ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ፎቶውን አሳየኋት። ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። «እሳቸውን አላውቃቸውም» አለች። ቀጥላ ጣቷን ከኋላቸው ባለው ድንጋይ ላይ አደረገች፤ «ይኸ እዚህ ነበር እንዴ?»

ነበር አልኳት። ትልልቆቹ ሴቶች አሁንም እሑድ እሑድ እንደሚመጡ ነገረችኝና ፎቶውን እዚያው እንድተውላት ጠየቀችኝ። ከጀርባው ስልክ ቁጥሬን ጽፌ ሰጠኋት። ከባንኮኒው በላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ሰካችው።

ስወጣ መሽቷል፤ ወፎቹ ጣቢያው ላይ ይዞራሉ። ጃንጥላ አልያዝኩም ነበር።

አሁን ዐቢይ ጾም ገብቷል። እስካሁን የደወለ የለም።